በላሊበላና በላስታ ለሚገኙ የሆቴል ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ሆቴሎችን፣ ምግብ ቤቶችንና የእንግዳ ማረፊያዎችን የሚመሩትን ሲሆን፣ የሚነቅፈውም በማመናጨቅ የማሠራትን ልማድ፣ ይኸውም አስተናጋጅን በእንግዳ ፊት መስደብን፣ ለተሰበረ ብርጭቆ ደመወዝ መቁረጥንና «ካልተመቸህ ውጣ፤ ሥራ ፈላጊ ሞልቷል» እያሉ ማስፈራራትን ነው።

ለልማዱ የሚሰጠው ምክንያት በአብዛኛው የወቅት ጥድፊያ ነው። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለምና ለማየት የሚመጣው ሕዝብ በገና ሰሞን እጅግ ስለሚበዛ ሥራው በጥቂት ቀናት ይከመራል፤ በዚህም ላይ በ2012 ዓ.ም. የገባው ኮሮናና በ2013 ዓ.ም. ከተማዋ ድረስ የዘለቀው ጦርነት ብዙ አልጋ ባዶ አስቀርተው ባለቤቶችን ለዕዳ ዳርገዋል። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ባለቤቱ በቁጣ ሲያራግፈው የሚሸከመው በዚያው ክፉ ዘመን ከሥራ ተፈናቅሎ የከረመ ሠራተኛ ነው።

ጥብቅ አመራር የሚባለው የሚፈለገውን አስቀድሞ የሚናገር፣ ደንቡን ለዘመድም ለባዳም እኩል የሚያስከብር፣ ያጠፋውንም ለብቻው ጠርቶ የሚያርም አሠራር ነው። በማመናጨቅ በሚመራ ቤት ግን ደንቡ የአለቃው ፊት ስለሆነ፣ ሠራተኛው ያንን ፊት ሲያነብ ይውላል። በላስታ ገጠር ያደገ ወጣት ለታላቅ መልስ መስጠት ነውር መሆኑን ተምሮ ስለሚመጣ ሲሰደብ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል፤ ብዙ አለቃም ይህን ዝምታ እንደ መስማማት ይቆጥረዋል። ዝምታው ግን ጥፋትንም አብሮ ይሸፍናል፤ የውኃው ታንከር መጉደሉ፣ አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ መያዙ፣ ሥጋው መበላሸቱ የሚታወቀው እንግዳው ራሱ ሲያማርር ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ የደመወዝ ተቀናሽን፣ ማለትም ከወር ክፍያ ላይ የሚነሳውን ገንዘብ፣ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ በቀር ይከለክላል፤ ሲፈቀድም ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ ይገድባል። በቁጣ ሰዓት በቃል የሚጣል ቅጣት ከእነዚህ በአንዱም አይሸፈንም።

ስለዚህ ከመጪው ገና አስቀድሞ የሠራተኞች የሥራ ተራ ሰሌዳ በጽሑፍ ወጥቶ በሚታይ ቦታ እንዲለጠፍ፣ በበዓሉ ቀን ለሠራም አዋጁ ያዘዘው እጥፍ ክፍያ እንዲከፈል ይጠየቃል። ሰሌዳው ሲዘጋጅም ጾመ ነቢያትን ጾሞ እንግዳ ሲያስተናግድ የከረመው ወጣት በበዓሉ ጠዋት ከቤተ ማርያም ቅጥር ቆሞ ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ የሚሰማበት ሰዓት፣ በየዓመቱ በተራ እንኳ ቢሆን፣ ይያዝለት።