ትናንትን የምትይዝ፣ ዛሬን የማታውቅ ማጫወቻ

«ኔትወርክ ቢጠፋም ሰው መላ አያጣም» የሚሉ አሉ። ወለጋ ውስጥ ለዚህ አባባል ምስክር የምትመስለው መዳፍ የምታክለው የሙዚቃ ማጫወቻ ናት። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ የምትታወቀው ይቺ ዕቃ ሚሞሪና ፍላሽ ትቀበላለች፣ ኤፍኤም ትይዛለች፣ በስልክ ቻርጀር ትሞላለች። ዳታ አትጠይቅም፤ ካርድ ሙሉልኝ አትልም።

አቅሟም አይናቅም። በተለመደው የኤምፒ3 ጥራት አንድ ደቂቃ ሙዚቃ 1 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ባለ 8 ጊጋ ሚሞሪ አምስት አምስት ደቂቃ የሚረዝሙ ከ1,500 በላይ ዘፈኖችን ይሸከማል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2001 የመጀመሪያውን አይፖድ በ399 ዶላር ሲያወጣ የተኩራራው በ1,000 ዘፈን ነበር። ዛሬ ከዚያ የሚበልጠውን የሚይዘው ሚሞሪ ጥፍር ያህላል።

ጉድለቷስ? ብዙዎቹ ስክሪን የላቸውም፤ የፈለጉትን ዘፈን ለማግኘት ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ነው። ሚሞሪው ከተበላሸ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የተጫነባትን እንጂ አዲስ ነገር አለማወቋ ነው። ኤፍኤሟም የቅርብ ጣቢያ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ተራራ ሲጋርደው ይቀራል። ከሩቅ የሚመጣ ዜና የሚሰማበት አጭር ሞገድ አብዛኞቹ ላይ የለም።

ይህ ጉድለት ምን ማለት እንደሆነ 2012 ዓ.ም. አሳይቷል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደዘገበው፣ ከታኅሣሥ 24 ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ሞባይል፣ መደበኛ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጡ። በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ተዘግቶ የሞባይል ጥሪ በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ተወሰነ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ አገር ውስጥ መገኘቱ ሲነገር መስመሩ ገና ዝግ ነበር። የተከፈተው መጋቢት 22 ነው፤ ከ18 ቀናት በኋላ።

በእነዚያ ወራት ሚሞሪ ላይ ያለ ዘፈን መሰማቱን አላቆመም። ምጥ የያዛት እናት ግን በማጫወቻ አምቡላንስ አትጠራም። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ደኅና መሆኑን ለወላጆቹ በፍላሽ አይነግርም። የጊምቢ ቡና ነጋዴም የዕለቱን ዋጋ ከሚሞሪ አይሰማም።

«ለጸጥታ ሲባል ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። የጸጥታው ችግር እውነት ነው። ነገር ግን ታጣቂን ለማደን ተብሎ የሚሊዮኖችን ስልክ መዝጋት ወረርሽኝ ሲመጣ ሕዝቡን ጨለማ ውስጥ መተው ነው። ቢያንስ የድንገተኛ ጥሪ በምንም ምክንያት እንዳይቋረጥ በሕግ ሊደነገግ ይገባል።

ሰው መላ ማግኘቱ አልተጎዳም ማለት አይደለም። ማጫወቻዋ ትናንትን ጠብቃ አቆይታለች። ዛሬን መናገር የእሷ ሥራ አይደለም፤ የስልኩ ነው።