ማጉያው ይቆየን

የድሮውን የሮካቢሊ ባስ ድምፅ የሚመኙ ወጣቶች መጀመሪያ የሚሮጡት የድምፅ ማጉያ ለመግዛት ነው። እኔ ግን ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ነገሩ ይታሰብበት እላለሁ።

ኤልቪስ ፕሬስሊ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 5 ቀን 1954 በሜምፊስ ከተማ ለመጀመሪያ ሸክላው ሲዘፍን ከበሮ መቺ አልነበረም። የከበሮውን ሥራ ደርቦ የሠራው ቢል ብላክ ነው፤ ይኸውም ቆሞ በሚጫወተው በትልቁ ባስ ነው። በዚህ አመታት ክሩ ወደ ውጭ ተስቦ ሲለቀቅ ከእንጨቱ ጋር ይላተማል፤ በመካከሉም መዳፍ እንጨቱን ይመታል። እንግዲህ ይህን ድምፅ የወለደው ጉድለት እንጂ ሀብት አይደለም።

ክሩም የራሱ ጠባይ አለው። የብረት ክር ድምፁን ያስረዝማል። እንደ በገና ክር ከአንጀት የተሠራው ግን «ዱም» ብሎ ቶሎ ያበቃል፤ ለስላሳ ስለሆነም ለመሳብ ይመቻል።

«የአንጀት ክር ውድ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ላልቻለ የናይሎን ክር አለለት። እጅን ማሠልጠን ግን የሚጠይቀው ትጋት ብቻ ነው። ላልሠለጠነ እጅ ማጉያ ቢገዙለት የሚጎላው ስሕተቱ ነው።