መሐንዲሱ ወደ ተራራው ይውጣ

በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡባዊ ድንበር አጠገብ፣ በጂዛን ክልል በፈይፋ ተራሮች ላይ የተደረደሩት የድንጋይ እርከኖች የዘመናዊ መሐንዲስ ንድፍ አልነበራቸውም። ሆኖም አፈርንና የዝናብ ውኃን ይዘው ለትውልድ ቡናና እህል አብቅለዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የኮንሶ እርከንም የዚሁ ዓይነት ዕውቀት ምስክር ነው። ይሁን እንጂ አንዱ ካብ ሳይጠገን ሲቀር ጎርፉ የታችኛውንም ይዞ ይወርዳል።

በ2006 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጂዛን ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ክልል የምህንድስና ተማሪዎችን ያሠለጥናል። እነዚህ ወጣቶች ከክፍል ወጥተው ከገበሬው ጋር ቢሠሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ኢትዮጵያም ልምድ አላት፤ በ1964 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር።

ይሁንና የአጭር ጊዜ ጉብኝት ብቻውን ልማት አይሆንም። ጠጋኝ ያጣ የውኃ ፓምፕ ለመንደር ሸክም ነው። ስለሆነም የመስክ ሥራው የትምህርቱ አካል ሆኖ ውጤት ይሰጥበት፤ ተማሪው ንድፉን ከማውጣቱ በፊት ነዋሪውን ያዳምጥ፤ የተሠራውን የሚጠግን ሰው ከመንደሩ ይሠልጥን፤ በዓመቱም ይዞታው ይመርመር። ዩኒቨርሲቲውና የክልሉ አስተዳደር ይህን በጋራ ሊያስቡበት ይገባል።