ወንዙ ሳይሞላ

 

ክረምቱ እያለፈ ነው። እኛ የከተማ ሰዎች በዚህ ክረምት ያላማረርንበት ቀን አልነበረም፤ የልጆች ልብስ አልደርቅ አለ፣ ጣራው አፈሰሰ፣ ለሥራ ስንወጣ ታክሲ ጠፋ። ቅሬታችን ሁሉ እውነት ነው። ለዛሬ ግን ስለ ሌላ ክረምት፣ ስለ ገጠሯ እናት ክረምት ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። በተለይ መስቀልን ለማክበር ወደ አገር ቤት ጓዛችሁን የምትሸክፉ እህቶች ልብ ብላችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሐምሌ ለሥራ ወደ ጉራጌ አገር ሄጄ በአንዲት የደጋ ቀበሌ ሁለት ቀን ሰንብቼ ነበር። አገሩን የምታውቁ እንደምታስታውሱት፣ ቤቶቹ ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የሣር መንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል፤ ከየቤቱ ጓሮ እንሰቱ ለምልሟል። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የልጆች ጨዋታውም በጀፎረው ላይ ነው። ማንም አጥሩን ገፍቶ እንዳያጠበው የአገር ሽማግሌ ይጠብቀዋል። ጀፎረው ባለቤት አለው ማለት ነው። ከጀፎረው ወዲያ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ግን ባለቤት አልነበረውም። ጤና ጣቢያው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው።

አጋጣሚ ሆኖ እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ነበርና ገብቼ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የተናጋሪው ድምፅ በደንብ አይሰማም። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አጀንዳው ተነበበ፤ አንደኛ የማዳበሪያ ጉዳይ፣ ሁለተኛ የወሰን ክርክር፣ ሦስተኛ ልዩ ልዩ። ይህን ጊዜ ከበሩ አጠገብ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። በጉራጊኛ የተናገረችውን ከጎኔ የተቀመጠችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተረጎመችልኝ።

«አባቶቼ፣ የወንዙ ነገር የት ገባ?» አለች።

«ልዩ ልዩ ውስጥ ይታያል» ተባለች።

«አምና በነሐሴ ምጥ ይዞኝ በቃሬዛ ስታወርዱኝ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። እስኪጎድል ስንጠብቅ ነጋ። ልጄን እዚያው ዳር ላይ ወለድኩት፤ አልቆየልኝም። ይህ ልዩ ልዩ ነው?»

ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች እዚያው ነበሩና አንገታቸውን ደፉ። ሊቀ መንበሩም አልተቆጡም፤ ጥቂት ካሰቡ በኋላ «የወንዙ ጉዳይ አንደኛ ይሁን» ብለው አጀንዳውን አዛወሩት።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ክርክር ቀላል አልነበረም። «እናቶቻችን እቤት ነው የወለዱን» ያሉ ነበሩ። «ስንቶቹ ቀሩ?» ብላ አንዲት ባልቴት መለሰች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተነሥታ ከዚያ ቀን እስከ መስከረም መጨረሻ የሚወልዱ ሰባት ሴቶች መኖራቸውን ከመዝገቧ አነበበች፤ መውለጃቸው ሲቃረብ፣ ወንዙ ጎደል ባለበት ቀን ተሻግረው በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ቢሰነብቱ እንደሚሻል አስረዳች። ከሰባቱ አንዷ ግን «ልጆቼንና ላሚቱን ለማን ትቼ ልሂድ? እዚያስ ምን እበላለሁ?» አለች።

ውድ አንባቢዎች፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ «የገጠር ሴት ጤና ጣቢያ አትሄድም፣ ግንዛቤ የላትም» ሲባል እንሰማለን። ያቺ ሴት ግን ግንዛቤ አላጣችም። ያጣችው ላሚቱን የሚያልብላትና ልጆቿን የሚያበላላት ሰው ነው። ስብሰባው ይህን በተረዳ ጊዜ ውሳኔው ቀና። ጎረቤቶቿ ተራ ገብተው ቤቷን እንዲጠብቁ፣ ከየቤቱ ቆጮ፣ ቡናና ማገዶ ለማቆያው እንዲዋጣ፣ ወጣቶቹ በተራ ለቃሬዛ እንዲዘጋጁ፣ ከመስቀል በኋላ ውሃው ሲጎድል ደግሞ የእንጨት ድልድዩ ከፍ ተደርጎ እንዲሠራ ተወሰነ። ማዳበሪያው ሁለተኛ ሆኖ ታየ፤ በዚህም ማንም አልተጎዳም።

ማቆያው የሚሰጠው ጥቅም በሥራ የተፈተነ ነው። እዚያው ጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ያለ ማቆያ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በዚያ የወለዱ ከ24 ሺህ በላይ እናቶች መዝገብ ተመርምሮ ነበር። በማቆያው ሰንብተው ከወለዱት መካከል የሞቱት በ100 ሺህ 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ናቸው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ዘግይቶ መድረስ።

በአገር አቀፍ ደረጃም ብዙ ተሻሽሏል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በጤና ድርጅት ይወለዱ የነበሩት ከ100 ሕፃናት 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በከተማ 79 ሲሆኑ በገጠር 20 ብቻ መሆናቸው ተመዝግቧል። በእኛና በእህቶቻችን መካከል ያለው ወንዝ ይህን ያህል ሰፊ ነበር።

በዚያ አገር ሴት በሸንጎ ፊት ቆማ መናገሯ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ150 ዓመት በፊት ገደማ የቃቄ ውርድወት የጆካ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት ቀርባ ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት ተሟግታለች። የዘንድሮዋ እናት የተሟገተችው ለአንዲት የአጀንዳ ተራ ነው። ነገር ግን ያቺ ተራ የሰው ሕይወት ናት።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ከጉራጌ አገር የወጡ የከተማ ሰዎች በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ማሠራት የጀመሩ ናቸው። የዛሬ ልጆቻቸውም ለመስቀል ሲሄዱ ብዙዎቻቸው ያን ወንዝ ይሻገራሉ። እናንተም ጉራጌም ሁኑ ወሎዬ፣ ሐዲያም ሁኑ ጎጃሜ፣ አገር ቤት ስትገቡ ከክትፎውና ከድፎው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «በክረምት ምጥ የያዛት ሴት በየት ታልፋለች?» የመልሱን ጉዳይ በልማት ማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ አንሡ። ለማቆያው ብርድ ልብስ ወይም ድስት መያዝ ከአቅም በላይ አይደለም። መሄድ የማትችሉም ብትሆኑ እርጉዝ እህት ካለቻችሁ ሰኔ ሳይገባ ደውሉላት፤ ወሯን ጠይቋት፣ ላሚቱን ማን እንደሚያልብላትም ጠይቋት። በቤታችሁ የምታግዛችሁ ልጅም አገር ቤት እናት እንዳለቻት አትርሱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውዬ ነበር። ከሰባቱ አምስቱ በሰላም ተገላግለዋል፤ አንዷ ማቆያው ውስጥ ናት። ላሚቱን ለማን ልተው ያለችው ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ሰባተኛዋ ግን ገና አልተሻገረችም። ድልድዩም ገና ነው፤ ውሃው እስኪጎድል እየተጠበቀ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ። መልካም የመስቀል በዓል ይሁንላችሁ።