መጥፎ ወሬ የማይደርሰው አለቃ

የአመራር ሥልጠና በየሆቴሉ አዳራሽ ይሰጣል። ስለ ራዕይ፣ ስለ ተነሳሽነት፣ ስለ ቡድን መንፈስ ይወራና የምስክር ወረቀት ታድሎ ይለያያል። አንድ ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም፤ አለቃው መጥፎ ወሬ ሲነገረው ምን ያደርጋል? በእኔ ግምት ቡድን የሚጠነክረውም የሚፈርሰውም እዚያ ላይ ነው።

ያዮን እንይ። በኢሉባቦር የድንጋይ ከሰል ዩሪያ ያመርታል የተባለው የያዮ ማዳበሪያ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. 11 ቢሊዮን ብር ገደማ በሆነ ውል ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጠ። ጊዜው አለፈ፣ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ውሉ ተቋረጠ። ስለ ገንዘቡ ብዙ ተብሏል፣ ይባልም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሳይቱ ላይ ውለው የሚያድሩት መሐንዲሶችና ባለሙያዎች ሥራው ወደ ኋላ መቅረቱን አያውቁም ነበር ብዬ አላምንም። ሕዝብ የሚሰማው ግን አዲስ የማጠናቀቂያ ቀን ነበር። ታች የሚታወቀው ነገር ላይ ሲደርስ ምን ይነካዋል?

እዚያው ያዮ፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው የቡና ጫካ አለ። ቡና ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ታጥቦ የሚዘጋጅ ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ አረንጓዴው ከበዛበት ጣዕሙ ይወርዳል። የአንዱ ጆንያ ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል ጥፋቱ የሁሉም ነው። ሚዛን ላይ የቆመው ልጅ የማኅበሩን ሊቀመንበር የአጎት ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ አረንጓዴ በዝቶበታል፣ ለቅመው ያምጡልኝ» ማለት መቻል አለበት። ከፈራ፣ የማኅበሩ ሁሉ ዋጋ ይወርዳል። እንዳይፈራ የሚያደርገው ስብሰባ ላይ የተነገረ መፈክር አይደለም። ሊቀመንበሩ ራሱ ያመጣው ጆንያ አንድ ቀን ሲመለስ፣ ሳያኮርፍ ተቀምጦ ሲለቅም ማየቱ ነው።

ይህን ጠባይ ማንም አለቃ ሊለማመደው ይችላል። ሳምንታዊውን ስብሰባ ከተሳካው ሳይሆን ከዘገየው መጀመር፣ የራስን አስተያየት መጨረሻ ላይ መናገር፣ «ማነው ያወራው?» የምትለዋን ጥያቄ መዋጥ። የመጨረሻዋ ትከብዳለች።

«እንዲህ ከሆነ አለቃ ይናቃል» የሚሉ አሉ። ጆንያውን የመለሰው ልጅ እኮ ለስላሳ አልነበረም። ሊቀመንበሩም እሱን ከሚዛኑ አላነሳውም።