የጥጥ ለቀማና የማዳበሪያ ከረጢት ጠንቅ

በመተማ፣ በአዋሽ ሸለቆና በአርባ ምንጭ አካባቢ ጥጥ የሚያመርተው ገበሬ ወራት የደከመበትን ምርት ገበያ ላይ ዋጋ ሊያሳጡ ከሚችሉት ነገሮች አንዱ በየቤቱ የሚገኝ ተራ ዕቃ ነው። ይኸውም በተለምዶ «ማዳበሪያ» እየተባለ የሚጠራው ከረጢት ነው።

ነገሩን ለመረዳት የጭረትን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ክር የሚፈተልበት ጭረት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የተፈጥሮ ሲሆን፣ ጥጥና ቃጫ ከዕፅዋት፣ ጠጉር ከበግ፣ ሐር ከትል ይገኛሉ። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የተገኘው ናይለን፣ በ1941 የተገኘው ፖሊስተርና በ1954 የተሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከዚህ ይመደባሉ። የማዳበሪያው ከረጢት የሚሸመነው ከነዳጅ ዘይት ውጤት ከሚሠራው ከዚሁ ከፖሊፕሮፒሊን ነው።

ጥጥ ውሃና ላብ ይጠጣል፤ ቀለምም ይቀበላል። ፖሊፕሮፒሊን ግን ርጥበት የማይገባው፣ የማይበሰብስ፣ ቀላልና ጠንካራ ነው። ለከረጢትነት የተመረጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ዳሩ ግን ያው ጠባይ ጥጥ ውስጥ ሲገባ ጠንቅ ይሆናል። ቀለም ስለማይቀበል በተነከረው ጨርቅ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። በ165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥም የጋለ ካውያ አይችልም።

በቤቷ የምትፈትል ሴት ባዘቶውን ስታዘጋጅ ባዕድ ክር ብታይ ለቅማ ትጥለዋለች። የመዳመጫ መኪና ግን ከከረጢቱ የተተረተረውን ክር እየበጣጠሰ ከጥጡ ጋር ያደባልቀዋል። ነጭ በነጭ ስለሚሆንም በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ብዙውን ጊዜ ጉድለቱ የሚታወቀው ጨርቁ ተሸምኖ ቀለም ከገባ በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የጨርቃ ጨርቅ አምራቾች ፌዴሬሽን በሚያካሂዳቸው ጥናቶች የፕላስቲክ ክርና ጨርቅ ጥጥን ከሚበክሉት ባዕድ ነገሮች ተርታ መመደባቸው ይህንኑ ያስረዳል።

ከረጢቱ ወጪ ስለማይጠይቅ ገበሬው ቢጠቀምበት አያስገርምም። ለቃሚውም የሚከፈለው በኪሎ ከሆነ ስለ ጥራት የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ኪሳራው ግን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የብዙ ገበሬ ጥጥ በአንድ መጋዘን በሚከመርበት ቦታ፣ የአንዱ ቸልተኝነት የሌላውንም ንጹሕ ምርት ዋጋ ያወርዳል። ስለዚህ ጉዳዩ የማኅበር እንጂ የግለሰብ አይደለም።

በመሆኑም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ለቀማ ከመጀመሩ በፊት ከአቡጀዲ የተሰፋ መልቀሚያ በጋራ እንዲዘጋጅ፣ ማሰሪያውም የጥጥ ገመድ እንዲሆን ማድረግ ይገባቸዋል። ጆንያም ቢሆን ጭረቱ ስለሚረግፍ አቡጀዲን አይተካም። በርክክብ ጊዜ የሚያጠራጥር ክር ሲገኝ ከክምሩ ርቆ በእሳት መሞከር ይቻላል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ሲሆን፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። በንጽሕና የተለቀመው ጥጥ ለብቻው ተከምሮ ለብቻው እንዲሸጥ ቢደረግ ደግሞ፣ የጠነቀቀው ገበሬ የድካሙን ዋጋ ያገኛል፤ ሌላውም ከምክር ይልቅ ከዚህ ይማራል።