«ሆዱ ንጹህ ነው» ብሎ ማሰናበት

ባጃጅ የገጨው ወጣት ሆዱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ተረኛው ሐኪም ጄል ቀብቶ አራት ቦታ ያያል፦ በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል፣ በጣፊያው ዙሪያ፣ በሽንት ፊኛው አካባቢና በልብ ከረጢት ውስጥ። ደም ቢፈስ ኖሮ ስክሪኑ ላይ ጠቁሮ ይታይ ነበር። የለም። «ሆዱ ንጹህ ነው» ይባላል፣ አስታማሚው ተመስገን ይላል፣ ልጁ ማስታገሻ ይዞ ይሄዳል።

ጠቤ ከአልትራሳውንዱ ጋር አይደለም። ድሮ በሆድ ውስጥ ደም መኖሩን ለማወቅ እምብርት አካባቢ ቀድዶ ውሃ አስገብቶ መልሶ መቅዳት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግፊቱ የወደቀ ቁስለኛ አልጋው ላይ እንዳለ በደቂቃዎች ይታያል። የማይገባኝ፣ «ደም አልታየም» የሚለው ውጤት በምን ሒሳብ «ጉዳት የለም» ተብሎ እንደሚነበብ ነው።

ፋስት የሚባለው ይህ ምርመራ ስለ ሆድ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አሁን የፈሰሰ ነገር አለ ወይስ የለም? ፈሳሹም እንዲታይ ብዙ ጊዜ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ መሆን አለበት። የተሰነጠቀ ጣፊያ ግን ደሙን በሽፋኑ ውስጥ አፍኖ ሊቆይ ይችላል። የተበሳ አንጀት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምንም ላያሳይ ይችላል። የብስክሌት መሪ ሆዱን የወጋው ሕጻን ቆሽቱ ተጎድቶ ስክሪኑ ዝም ሊል ይችላል። ከሆድ ዕቃ ጀርባ የሚጠራቀም ደምማ ጭራሽ የፋስት ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 34 ጥናቶችን አገናዝቦ ነበር፤ በሆድ አደጋ ላይ ምርመራው ከ100 ጉዳተኞች የሚይዘው 68 ያህሉን ነው፤ በሕጻናት ደግሞ ቁጥሩ ወደ 63 ይወርዳል። «አለ» ሲል ይታመናል። «የለም» ሲል ግን ከሦስት ጉዳተኞች አንዱን ያህል ያሳልፋል።

«ሲቲ ስካን ከየት እናምጣ?» የሚል መልስ ይሰማኛል። እውነት ነው፤ በብዙ ሆስፒታሎቻችን የለም፣ ባለበትም ቤተሰብ ገንዘብ እስኪያሰባስብ ሰዓቱ ይነጉዳል። ሲቲ በሌለበት ግን ቁስለኛውን ማቆየት ይበልጥ ግዴታ ይሆናል። ሆዱን በየሰዓቱ መዳሰስ፣ የልብ ምቱንና ግፊቱን መከታተል፣ ደሙን ደግሞ መመርመር፣ ከሰዓታት በኋላም አልትራሳውንዱን መድገም። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ነርስና አልጋ ነው፤ እውነተኛው ችግርም እሱው ነው። አልጋ ስለጠፋ የተሰናበተ ሰው በሳይንስ የተሰናበተ ተመስሎ ይወጣል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ግፊቱ ወድቆ ሆዱ ውስጥ ደም የታየ ቁስለኛ፣ «ራዲዮሎጂ ያረጋግጥልን» ተብሎ በኮሪደር ሲገፋ ይውላል። የእሱ ቦታ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው።

የድንገተኛ ክፍል ኃላፊዎች፣ «ንጹህ» የሚለውን ቃል ከካርዱ አውጡት። በምትኩ የታዩት ቦታዎች፣ የታዩበት ሰዓትና ምርመራው የሚደገምበት ሰዓት ይጻፍ። እናንተም አስታማሚዎች፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ሕመሙ ከባሰ ወይም ወደ ግራ ትከሻው ከወጣ፣ ራሱን ካዞረው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በሌሊትም ቢሆን መልሱት።